የኮሪደሩ ፖስታ ቤት

«ሰርቨሩንማ ወንዱ ልጄ ነው የተከለው!» ሲሉ ሰማቻቸው አባቷን። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ እንደ ልማዳቸው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው በስልኩ ሳይሆን በጩኸታቸው የሚሰማ ይመስል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚያወሩት። «ሴቷማ ምን ታደርጋለች፣ መብራቱን ነው የምታየው። አረንጓዴ ሲሆን ደህና ነው ትለናለች፣ ቀይ ሲሆን ቆይ ትለናለች። ለማንኛውም አልሠራ ብሏል። ዛሬ ማታ ልጁ ይመጣና ነቅሎ በየወሩ ከሚከፈልበት ከታወቀው ኢሜይል ያስገባናል። አዎ... አዎ... እሱ መቼም መላ አያጣም።»

ሴቷ የተባለችው በዚያ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ፣ ጭንቅላቷን ከጫማ መደርደሪያው ሥር አስገብታ፣ የኮምፒውተሩን ማራገቢያ አቧራ በቀለም ብሩሽ እያራገፈች ነበር። የአባቷ በር ገርበብ ብሏል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የዛሬው ግን ዘመድ ሆነና አንዲት ቃል ሳያስቀር አስገባላት። ብሩሹን እንደያዘች ቀረች። ቀኑ የዕረፍት ቀኗ ነው፤ ሥራዋ መኪና መንዳት ማስተማር ስለሆነ ቤት ውስጥ ሾፌሯ ይሏታል፤ «እኔ አልነዳም፣ ሲነዱ ነው የምቆጣው» ብትልም ሰሚ አላገኘችም። ከተማሪ ጋር ተሳፍራ ግድግዳ ሊገጭ ሲል ፍሬን መርገጥ የለመደች እግር አላትና፣ እግሯ ያለ ፍሬን ወለሉን ሲረግጥ ተሰማት።

የቤቱን ኢሜይል የሚያመላልስ ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወንድሟ የሚሠራበት የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲቀይር ከሚጣለው መሃል ያነሳላት፣ ጎኑ የተጫረ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ወንድምዬው ተሸክሞ አመጣው፣ መደርደሪያው ሥር አስቀመጠው፣ ላቡን ጠረገ፣ ውሃ ጠጣና ሄደ። የወንዱ ልጅ ተከላ ይኸው ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ማስኬጃ ሥርዓት የጫነችበት፣ የኢሜይል ሶፍትዌር ያስገባችበት፣ ለቤቱ ሰው ሁሉ የየራሱን የፖስታ ሳጥን የከፈተችበት እሷ ናት። ስንት ምሽት ቀዝቃዛ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ አንዷን ስህተት ስታርም ሌላዋ ስትወጣባት፣ ትታው ተነስታ ተመልሳ እየመጣች። ወንድሟም ይህን አንድም ቀን ክዶ አያውቅም፤ የሚጠይቀው ሰው ባለመኖሩ ብቻ ዝም አለ።

ሳጥኑ ኮሪደር ላይ የተቀመጠውም በከንቱ አይደለም። ቤቱ አንድ ጣራ ይኑረው እንጂ ሁለት ቤት ነው። በቀኝ በኩል አባቷ፣ በግራ በኩል የአባቷ ታላቅ እህት ይኖራሉ። አያትዬው ሲሞቱ ቤቱን መካፈል መጣ፤ አባቷ ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲለኩ የኖሩ ቀያሽ ናቸውና ሜትራቸውን ይዘው ራሳቸው ለኩት። «ኮሪደሩ የጋራ ነው» አሉ። አክስቷ ደግሞ «የጋራ የሆነው ከእኔ ድርሻ ተቆርሶ ነው» አሉ። ያን ዕለት የተዘጋው አፍ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። እናቷ በሕይወት ሳለች መልእክተኛዋ እሷ ነበረች፤ እናቷ ስታርፍ ሹመቱ ለልጅቷ ወረደ። «ለአባትሽ ንገሪው»፣ «ለአክስትሽ ንገሪያት»፣ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ መልስ። አንድ ቀን ጫማዋን ሳታወልቅ ከሁለቱም በር ሲጠሯት ኮሪደሩ መሃል ቆማ «እኔ ፖስታ ቤት አይደለሁም!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ገብታ ፖስታ ቤቱን ሠራችው።

ሠርታም አልተቆጨችም። ወንድምና እህት በግድግዳ ተለያይተው በደብዳቤ ይገናኙ ጀመር። አክስቷ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል ባይ ናቸው። «ጉዳዩ፦ የሬዲዮ ድምፅን ይመለከታል» ብለው ይጽፋሉ። አባቷም አይሰንፉ፣ «ከእርስዎ የደረሰኝን ማስታወሻ ተመልክቼ» ብለው ይመልሳሉ። በቃል ቢሆን አንተና አንቺ ይባባሉ የነበሩ ሰዎች በጽሑፍ እርስዎ ተባባሉ። ግን ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ነውና፣ ልጅቷ ሶፍትዌሩ ውስጥ አንዲት ደንብ ጨምራ ነበር። በሁለቱ መካከል የሚላክ ማንኛውም መልእክት ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ማብረጃ ብላ ሰየመችው፤ ሁለቱም ያውቁታል። አባቷ አንድ የጋለ ነገር ይልኩና ትንሽ ቆይተው ብቅ ይላሉ፤ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፤ ጫማ የሚፈልጉ ይመስል መደርደሪያውን ያያሉ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያቺን መልሺልኝ» ይላሉ። አክስቷም እንደዚሁ። እሷም ሳታነብ አውጥታ ትጥላለች። በዚያ ቤት የሰላም ቢሮ ቢኖር ያ ሳጥን ነበር።

ችግሩ የድሮው ሶፍትዌር አርጅቷል። የሠሩት ሰዎች ከተውት ሰንብተዋል፤ የውጭዎቹ ሰርቨሮችም ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ እንደያዘ ሰው ከበር ይመልሱት ጀምረዋል። እዚህ ከቀኝ በር ወደ ግራ በር ያደርሳል፣ ከደጅ ግን አያልፍም። አባቷ ለድሮ የቅየሳ ባልደረቦቻቸው የላኩት ሁሉ «አልደረሰም» እየተባለ ይመለስባቸዋል። ለዚህ ነው ወንድሟ ሲነዘነዝ ከርሞ የሚከፈልበትን አገልግሎት ያመጣው፤ ዋጋውም ለአንድ ሰው በወር ሁለት ጊዜ ደህና ምሳ ያበላል። ሳጥኑ ሲነሳ ማብረጃውም አብሮ መነሳቱን ማንም አላሰበውም። እሷ አስባዋለች። ከማብረጃው በላይ ግን፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በዚያ ቤት ውስጥ የእኔ ነው የምትለው ሥራ እሱ ብቻ ነበር። ክፍሏ ከአባቷ ወገን ነው፣ መስኮቷ ወደ አክስቷ ወገን ያያል፣ ሳጥኑ ግን የእሷ ነው።

ሊተካው የሚችለውን አዲስ ሶፍትዌር መርጣ፣ በራሷ ላፕቶፕ ላይ ሞክራ፣ ወድዳው ሁሉ ነበር። ነገ ዛሬ እያለች፣ ቢበላሽስ እያለች ነው ያቆየችው። አሁን ከመደርደሪያው ሥር ስትወጣ ግን ንዴቷ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ልቧ እንደ መጀመሪያ ቀን ተማሪ ይደልቅ ጀመር፤ ደስ የሚል ድለቃ። «ማታ ነው የሚመጣው» አለች ለራሷ። «እስከ ማታማ ሰማይ ይታረሳል!» ብድግ አለችና መጀመሪያ የግራውን በር፣ ቀጥሎ የቀኙን አንኳኳች።

«ፖስታ ቤት እስከ ማታ ዝግ ነው። ሶፍትዌሩን ልለውጠው ነው።»

አክስቷ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አይተዋት፣ «ምን ያህል ነገር ልጽፍ ነበር መሰለሽ» ብለው በሩን ዘጉ። አባቷ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። የጠዋቱን ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን ትንሽ አጠኑት፤ እሷም ፊቷን ወደ ሳጥኑ መለሰች። «እስኪ እናያለን» አሉ በመጨረሻ። «ካልሆነ ግን ይነቀላል።»

መጀመሪያ የሁሉንም መልእክት ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠች። ያ ሁሉ «ጉዳዩ»፣ ያ ሁሉ «ተመልክቼ»፣ የአክስቷ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ፣ የአባቷ የካርታ ሥዕል፣ በእስክሪኑ ላይ እየተንሸራተተ አለፈ። ከዚያ የድሮውን ሶፍትዌር አቆመችው። በታማኝነት አገልግሏልና አንዴ የሳጥኑን ጎን መታ መታ አደረገችው። አዲሱን ጫነች። ሳጥን በሳጥን ሰው በሰው እየከፈተች፣ መቆለፊያውን እያሰረች፣ የውጭዎቹ ሰርቨሮች ሲጠይቁ የሚያሳየውን አዲስ መታወቂያ እያዘጋጀች ገፋች። አንድ መስመር ስትጽፍ ታነበዋለች፣ ደግማ ታነበዋለች፣ ትቀጥላለች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ለተማሪዎቿ ስንቴ ነግራለች፤ ግን ጣቶቿ አልሰሟትም፣ ይሮጣሉ። ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ረሃቡ መጣ፣ አንኳኳ፣ የሚከፍት አጣና ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የአባቷ ሬዲዮ ጨዋታ ያስተላልፍ ጀመር። እሳቸው ሬዲዮ እንደሚያወሩት ነው የሚሰሙት፤ ግድግዳው ነዘረ። አክስቷ በር ከፍተው ወጡና ከሳጥኑ ፊት ቆሙ። በደህናው ቀን ቢሆን ይህ ማስታወሻ የሚጻፍበት ሰዓት ነበር።

«ዝግ ነው አልሽኝ አይደል?»

«ዝግ ነው አክስቴ። አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው።»

አክስቷ እንዲህ ያለ ብልግና ሰምተው የማያውቁ መሰሉ። ከዚያ ግን ወደ ኮምፒውተሩ ዞሩና፣ ለሳጥኑ፣ ጥርት ባለ የችሎት ድምፅ፣ «በዚህ ቤት ውስጥ ጆሮ ያለው ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ሬዲዮ ይቀነስ ነበር» አሉት። ሾፌሯ ትንፋሿን ያዘች። ከቀኙ በር ወዲያ ሬዲዮው ቀነሰ። በጣም አይደለም፣ ትንሽ ብቻ፣ ለክብር በሚበቃ ያህል። አክስቷ ሳጥኑን እንደ ታዛዥ ሠራተኛ አይተው በምስጋና ራሳቸውን ነቀነቁለትና ገቡ። እሷ ሳቋን በእጅጌዋ አፈነችው።

ሁሉም ያለቀ ሲመስላት ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችው፤ ሙሽራዋ በንጹሕ ትውጣ ብላ ነው። አልወጣችም። አዲሱ ሶፍትዌር ሊነሳ ይሞክርና ይወድቃል፣ ይሞክርና ይወድቃል። ቀይ ጽሑፍ እስክሪኑን ሞላው። ወንድሟ ከሥራ ሊወጣ ነው፤ አባቷ ከውስጥ ወንበራቸውን ሲጎትቱ ይሰማታል፤ የጠዋቱም ቃል ተመልሶ ይጮህባት ጀመር፣ መብራቱን ነው የምታየው። መብራቱንማ አየችው። ቀይ ነበር። ከላይ እስከ ታች የጻፈችውን ሁሉ መረመረች፤ አንዲት ነጥብ አልጎደለም። ሁለተኛ ስታነበው ከቀይ መስመሮቹ መሃል አንዷ በሩ ተይዟል ትላለች። ከውጭ የሚመጣ መልእክት የሚገባበት በር አንድ ነው፤ ሁለት ዘበኛ አይቆምበትም። ማን ነው የያዘው? ጠየቀችው፤ ኮምፒውተሩም ስሙን ነገራት።

የድሮው ነበር! ጠዋት አቆመችው እንጂ እንዳትነሳ አላለችውም። ሲታዘዝ የኖረ አገልጋይ ነውና ኮምፒውተሩ ሲነሳ እሱም እንደ ወትሮው ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ በሩ ላይ ቆሟል። «የእጅ ፍሬን!» ብላ ጮኸች ኮሪደሩ መሃል። ዓመቱን ሙሉ ለተማሪ ሁሉ ሞተር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ የእጅ ፍሬን ሳብ እያለች የምትለፈልፈው እሷ! ሽማግሌውን በክብር አሰናበተችውና ሁለተኛ እንዳይነሳ አደረገችው። አዲሱን ጠራችው። ቀዩ ጽሑፍ ቆመ። አንድ መስመር መጣ፣ ሌላ መስመር መጣ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ለወንድሟ መሥሪያ ቤት አድራሻ፣ ለዚያ ሁልጊዜ ከደጅ ለሚመልሳት፣ «ደርሷል?» ብላ ላከች። እስክሪኑ ላይ ሄደ ይላል፤ ተቀብለናል ይላል። ከዚያ መልሱ ገባ፦ «ደረሰኝ!! እንዴት አድርገሽ?» ዘልላ ስትነሳ አናቷ ከኮት መስቀያው ጋር ተጋጨ፤ አላመማትም። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ በዝላይ ተመላለሰች። ከዚያ «ፖስታ ቤት ተከፍቷል!» ብላ አወጀች፣ ለሁለቱም በር፣ ለጫማዎቹም ጭምር።

ወንድሟ ሲመጣ ኮምፒውተሩን የሚወስድበት ትልቅ ባዶ ቦርሳ ትከሻው ላይ ነበር። በሩን ከፍቶ እንደገባ አባቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወጡ።

«እህስ፣ ይነቀላል ወይስ አይነቀልም?»

«ለምን ይነቀላል? ይኸው ይሠራል እኮ» አለ ወንድምዬው። ሳጥኑን ሳይሆን እህቱን እያየ ነበር የሚስቀው።

«አንተ ካልክ ደህና» አሉ አባቷ፣ እጃቸውን ልጃቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርገው። «እሱ ካየው ይበቃል።»

ሾፌሯ ያን ሁሉ ደስታ አንድ ሰው ከእጇ እንደነጠቃት ሆነች። ከግራው በር ደግሞ የቁልፎች ተረተር ይሰማ ነበር፤ የድሮ ታይፒስት ሲጽፍ ጣቶቹ አይታዩም፤ ተረተሩ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ በመጨረሻ አንድ ጠንካራ ምት ተሰማና ቆመ። የሳጥኑ መብራት አንዴ ብልጭ አለ። ወዲያው ከአባቷ ክፍል የመልእክት ደወል ጮኸ።

ያኔ ነው ትዝ ያላት። ማብረጃውን ረስታዋለች! ሳጥኑን ሁሉ፣ ቁልፉን ሁሉ፣ መታወቂያውን ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ስታሻግር ያቺን አንዲት ደንብ አላሻገረችም። አባቷ ሊያዩ ገቡ። የግራው በር ተከፈተ፤ አክስቷ ብቅ አሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ የጫማ መደርደሪያውን ተመለከቱ።

«ያቺን መልሺልኝ» አሉ ዝቅ ብለው።

«ደርሳለች አክስቴ።»

«እንዴት ደርሳለች? ገና አሁን እኮ ነው!»

«አዲሱ ፈጣን ነው» አለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ይደረጋል።

አባቷ ታብሌታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። መነጽራቸው ከግንባራቸው ወርዷል። ማንንም ሳያዩ ጮክ ብለው አነበቡት። «ጉዳዩ፦ የተሳሳተ ቃልን ስለማረም። ዛሬ ጠዋት በስልክ፣ ሰርቨሩን የተከለው ወንዱ ልጄ ነው ብለው ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ወንዱ ልጅ ተሸክሞ አምጥቶታል፤ ይባረክ። የተከለችው፣ የጠበቀችው፣ ዛሬም ምሳ ሳትቀምስ የለወጠችው ሴቷ ናት። የእኔንም የእርስዎንም ስድብ ይህን ሁሉ ዘመን አብርዳ ያኖረችን እሷ ናት። ቃሉን ለነገሩት ሰው እንዲያርሙ እጠይቃለሁ።»

ወንድምዬው ባዶ ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና «እውነት ነው አባዬ፣ እኔ ተሸካሚ ነበርኩ» አለ። ልጅቷ ዓይኗን ከመብራቱ ላይ አላነሳችም፤ ብታነሳው እንደምታለቅስ አውቃለች። አባቷ ታብሌቱን ዝቅ አደረጉ። ወደ ግራው በር ዞሩ።

«እትዬ» አሉ። ያ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ልጆቻቸው ሰምተውት አያውቁም። «በሬ ላይ ቆመሽ ትሰሚኛለሽ ማለት ነው?»

«በርህ ላይ አይደለም፣ ኮሪደሩ ላይ ነኝ» አሉ አክስቷ። «የጋራ ነው ያልከው አንተው ነህ።»

ሾፌሯ ናት መጀመሪያ የሳቀችው፣ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ አምልጧት። ወንድሟ ተከተለ። አክስቷ ከንፈራቸውን ነክሰው ያዙት። አባቷ ለመቆጣት ሞከሩ፣ ቁጣው አልመጣላቸውም።

«ማብረጃውን አሁኑኑ እመልሰዋለሁ» አለች ልጅቷ፣ ቁልፎቹ ላይ እያጎነበሰች።

«ቆይ» አሉ አባቷ። «መጀመሪያ ይቺን ሳትበርድ ልጨርሳት።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ቁጥሩን ነኩ፣ ኮሪደሩ መሃል እንደቆሙ ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። በሩን አልዘጉም፤ ድምፃቸውንም አልቀነሱም።

«ሄሎ! እኔ ነኝ። ጠዋት የነገርኩህ... አዎ፣ የሳጥኑ ነገር። ተሳስቼ ነው የነገርኩህ። ሴቷ ናት። አዎ፣ ሾፌሯ! እሷ ናት የተከለችው፣ ዛሬም እሷ ናት የለወጠችው... አይ፣ አይ፣ ስማኝ እንጂ! መብራቱን የማየው እኔ ነኝ።»